ለአዋቂ ውሻ ደረቅ ምግብ አመራረጥ፦ ከዋጋው በፊት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። አባባሉ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ቢሆንም ቃል በቃል ሲወሰድም እውነትነት አለው። ሌሊቱን ሙሉ ግቢ የሚጠብቅ፣ በፍተሻ ጣቢያ የሚያነፈንፍ ወይም ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ውሻ ንቃቱም ሆነ ጤናው ከሚቀርብለት ምግብ ጋር የተያያዘ ነው።

የጥበቃ ውሾች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ለውሾቹ የሚያቀርቡት ምግብ በአብዛኛው ከሦስት መንገዶች በአንዱ የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ከሠራተኞች መመገቢያ የተረፈ ምግብ፣ ሁለተኛው ከቄራ ወይም ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬ የሆድ ዕቃ ሲሆን ሦስተኛው በግዥ የሚቀርብ ደረቅ የውሻ ምግብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርካሽ ቢመስሉም የሚያስከትሉት የጤና ጠንቅ ቀላል አይደለም። ሦስተኛው የተሻለ አማራጭ ቢሆንም ምርጫው በከረጢቱ ዋጋ ወይም በላዩ በታተመው ሥዕል ብቻ ከተወሰነ የታሰበውን ጥቅም ላይሰጥ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለአዋቂ ውሻ ደረቅ ምግብ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

የተረፈ ምግብና ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚያስከትሉት ጉዳት

የአገራችን ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በውሻ ደም ውስጥ የሚገኙትን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮችን የያዙ ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛ ወይም ለተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ውሻውን ለደም ማነስ ይዳርጋሉ። ሽንኩርቱ በእሳት መብሰሉ ወይም መድረቁ ይህን ጉዳት አያስቀረውም። በመሆኑም ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ የዕለት ቀለብ ሊሆን አይገባም። ዘቢብ፣ ወይንና ቸኮሌትም እንዲሁ ለውሻ መርዛማ ናቸው። የበሰለ አጥንት ደግሞ ሲሰበር እንደ ስንጥር ስለሚሾል ጉሮሮንና አንጀትን ሊወጋ ይችላል።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ጥሬ የሆድ ዕቃ ነው። በከብቶችና በበጎች ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታዩ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ኢኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ትል እጮች ሊሆኑ ይችላሉ። ውሻ ይህን ጥሬ ሥጋ ሲበላ እጮቹ በአንጀቱ ውስጥ ወደ ትልነት ይለወጣሉ። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በምግብ ወይም በውኃ አማካይነት ወደ ሰው ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ እብጠት ያስከትላል። እብጠቱን ለማስወገድ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ስለዚህ የውሻ አመጋገብ ጉዳይ የውሻውን ብቻ ሳይሆን የጠባቂውን፣ የሠራተኛውንና የቤተሰቡንም ጤና የሚመለከት ነው።

ደረቅ ምግብ ምንድን ነው?

ለውሾች ተብሎ በፋብሪካ የሚዘጋጅ ምግብ ታሪኩ ወደ 1860ዎቹ እ.ኤ.አ ይመለሳል። ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ በለንደን ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከከብት ደም የተሠራ ብስኩት ለውሾች መሸጥ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነበር። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው ፍሬ ፍሬ ምግብ የተስፋፋው ግን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ ጀምሮ ነው። አሠራሩም የተፈጨ እህል፣ የሥጋ ዱቄት፣ ቪታሚንና ማዕድናት ተቀላቅለው በእንፋሎትና በግፊት ከበሰሉ በኋላ በወንፊት መሰል ቀዳዳ እየተገፉ እንዲቆራረጡ፣ እንዲደርቁና በላያቸው ላይ ስብ እንዲረጭ የማድረግ ሂደት ነው። የተጠናቀቀው ምርት እርጥበት ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ያህል ነው። ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ መቆየት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውሻ ሥጋ በል እንስሳ ስለሆነ እህል አይስማማውም የሚል አስተያየት ይሰማል። የስዊድን ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2013 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ግን ውሾች ከተኩላዎች በተለየ ሁኔታ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያመነጨውን ዘረ መል በብዙ ቅጂ እንደያዙ አሳይቷል። ይህም ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የበሰለ እህልን ለመፍጨት የተላመደ መሆኑን ያመለክታል። ዋናው ጉዳይ እህል መኖሩ ሳይሆን እህሉ በደንብ መብሰሉና ምግቡ በአጠቃላይ የተመጣጠነ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ሊነበብ የሚገባው ዓረፍተ ነገር

በከረጢቱ ፊት ለፊት በትልልቅ ፊደላት የሚጻፈው ማስታወቂያ ነው። ገዢው በቅድሚያ ሊፈልገው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ወይም በጎኑ በደቃቅ ፊደላት የሚገኘውን የተሟላነት መግለጫ ነው። በአሜሪካ የእንስሳት መኖ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት ማኅበር፣ በምህጻሩ አፍኮ፣ እንዲሁም የአውሮፓ የቤት እንስሳት ምግብ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ ፌዲያፍ፣ የሚያወጧቸው የንጥረ ነገር መለኪያዎች በብዙ አገሮች በማጣቀሻነት ያገለግላሉ።

ከዚህ መግለጫ ሦስት ነገሮችን መረዳት ይገባል።

አንደኛ፣ ምግቡ «የተሟላና የተመጣጠነ» መባሉን ማረጋገጥ ነው። «ለማሟያ» ወይም «አልፎ አልፎ የሚሰጥ» የሚል ከሆነ ብቻውን የዕለት ቀለብ እንዲሆን አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ለየትኛው የዕድሜ ክልል እንደተዘጋጀ ማየት ነው። ብዙ ውሾች አንድ ዓመት ሲሞላቸው እንደ አዋቂ የሚቆጠሩ ሲሆን የግዙፍ ዝርያዎች ዕድገት ግን እስከ አንድ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት ሊቀጥል ይችላል። የቡችላ ምግብ ፕሮቲን፣ ስብና ማዕድን ስለሚበዛበት ቀኑን ታስሮ ለሚውል አዋቂ ውሻ ለውፍረት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ለአዋቂ ብቻ የተዘጋጀ ምግብ ለቡችላ ወይም ለምታጠባ ውሻ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ የተሟላነቱ እንዴት እንደተረጋገጠ መመልከት ነው። አንዳንዱ ምርት መለኪያውን እንዲያሟላ በቀመር የተዘጋጀ ሲሆን ሌላው ውሾችን በመመገብ የተፈተነ ነው። የአፍኮ የአዋቂ ውሻ የመመገብ ሙከራ ቢያንስ በስምንት ውሾች ላይ ለ26 ሳምንታት የሚካሄድ ነው። ሁለቱም መንገዶች ተቀባይነት አላቸው። ይህ መግለጫ ጨርሶ የሌለበት ወይም አምራቹ ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ የማይገልጽ ከረጢት ግን የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ባይገዛ ይመረጣል።

ፕሮቲን፣ ስብና እርጥበት

በአፍኮ መለኪያ መሠረት ለአዋቂ ውሻ የሚዘጋጅ ምግብ እርጥበቱ ተቀንሶ ሲሰላ ቢያንስ 18 በመቶ ፕሮቲንና 5.5 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል። ካልሲየም ከ0.5 በመቶ፣ ፎስፈረስ ደግሞ ከ0.4 በመቶ እንዳያንስ የተወሰነ ሲሆን፣ የካልሲየሙ መጠን ከፎስፈረሱ ማነስም ሆነ ከእጥፉ መብለጥ የለበትም። እነዚህ ዝቅተኛ ወለሎች ናቸው። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ደረቅ ምግቦች ከዚህ ከፍ ያለ ፕሮቲንና ስብ አላቸው።

«እርጥበቱ ተቀንሶ» የሚለው አነጋገር ማብራሪያ ይሻል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መቶኛ እርጥበትን ጨምሮ ስለሆነ የተለያየ እርጥበት ያላቸውን ምግቦች በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል። ለምሳሌ 10 በመቶ እርጥበትና 24 በመቶ ፕሮቲን ያለው ደረቅ ምግብ እርጥበቱ ሲቀነስ ፕሮቲኑ 26.7 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ 24ን ለ90 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። 78 በመቶ እርጥበትና 8 በመቶ ፕሮቲን ያለው የቆርቆሮ ምግብ በዚሁ ስሌት 36 በመቶ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ የፕሮቲን ቁጥር ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2007 በሰሜን አሜሪካ ብዙ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት ሕመም በመሞታቸው በርካታ ምርቶች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ምርመራው እንዳሳየው ከውጭ በገባ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን የተባለ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ተቀላቅሎ ነበር። ፕሮቲን በቤተ ሙከራ የሚለካው በናይትሮጅን መጠን ስለሆነና ሜላሚን በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ፣ ድብልቁ በወረቀት ላይ ከፍተኛ ፕሮቲን ያለው መስሎ ይታይ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከቁጥሩ ጎን ለጎን የአምራቹን የጥራት ቁጥጥር መጠየቅ እንደሚገባ ነው። የንጥረ ነገር ባለሙያ ይኖረው እንደሆነ፣ ጥሬ ዕቃውን ይመረምር እንደሆነና ምርቱን በራሱ ፋብሪካ ያመርት እንደሆነ ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ መስጠት የማይችል አቅራቢ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

የይዘት ዝርዝርና የምርቱ ስም

የምግቡ ይዘቶች በማሸጊያው ላይ የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። ሆኖም ክብደቱ የሚወሰደው ከመቀነባበሩ በፊት ነው። ትኩስ ሥጋ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ በመሆኑ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ቢጻፍም ከደረቀ በኋላ የሚኖረው ድርሻ ሊያንስ ይችላል። በአንጻሩ የሥጋ ዱቄት ውኃው አስቀድሞ የወጣለት ስለሆነ በክብደቱ ልክ ብዙ ፕሮቲን ይይዛል። ጉበት፣ ኩላሊትና የመሳሰሉት ተረፈ ምርቶችም በአግባቡ ከተቀነባበሩ ጠቃሚ ንጥረ ነገር አላቸው።

የምርቱ ስምም ትርጉም አለው። በአሜሪካ ደንብ አንድ ምግብ በቀጥታ በበሬ ሥጋ ስም ከተጠራ ለማቀነባበሪያ የተጨመረው ውኃ ሳይቆጠር 95 በመቶው የበሬ ሥጋ ሊሆን ይገባል። በስሙ ላይ «እራት» ወይም «ቅምር» የመሰለ ቃል ከታከለበት 25 በመቶ ይበቃል። «ከበሬ ሥጋ ጋር» ከተባለ ደግሞ 3 በመቶ ብቻ በቂ ነው። «የበሬ ሥጋ ጣዕም ያለው» ከሆነ የሚጠበቀው ጣዕሙ መኖሩ ብቻ ነው። አንድ ቃል በመጨመሩ ምክንያት የይዘቱ ልዩነት ይህን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ልብ ይሏል።

ባለፉት ዓመታት «እህል የሌለበት» የሚል ጽሑፍ የያዙ ምርቶች በከፍተኛ ዋጋ ሲሸጡ ቆይተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በሐምሌ 2018 አተር፣ ምስርና ድንች በብዛት በያዙ እንዲህ ባሉ ምግቦችና በውሾች የልብ ጡንቻ መድከም መካከል ሊኖር ስለሚችል ግንኙነት ምርመራ መጀመሩን አስታውቆ ነበር። እስካሁን የምክንያትና የውጤት ግንኙነት በእርግጠኝነት አልተረጋገጠም። ቢሆንም የእህል አለመኖር ለጤናማ ውሻ የተለየ ጥቅም ስላልታየለት ተጨማሪ ዋጋ የሚከፈልበት ምክንያት አይደለም።

የዕለት መጠንና እውነተኛው ዋጋ

ውሻ የሚያስፈልገው የተወሰነ ኪሎ ምግብ ሳይሆን የተወሰነ ኃይል ነው። ስሌቱ በማንኛውም የኪስ ማስያ ሊሠራ ይችላል። የውሻው ክብደት በራሱ ሦስት ጊዜ ይባዛል፤ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ከዚያም በ70 ይባዛል። ክብደቱ 25 ኪሎ ለሆነ ውሻ 25 በ25 በ25 ሲባዛ 15,625 ይሆናል። የመጀመሪያው ሩት 125፣ ሁለተኛው 11.18 ሲሆን በ70 ሲባዛ 783 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል። ይህ ውሻው ሙሉ ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። መጠነኛ እንቅስቃሴ ላለው ላልተኮላሸ አዋቂ ውሻ በ1.8፣ ለተኮላሸ ደግሞ በ1.6 ይባዛል። በዚህ መሠረት ያልተኮላሸው ውሻ በቀን 1,400፣ የተኮላሸው 1,250 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ውሻ ከዚህ በላይ፣ ታስሮ የሚውልና ያረጀ ደግሞ ከዚህ በታች ሊሆን ይችላል።

ይህ ስሌት የዋጋ ንጽጽርን ይለውጠዋል። ለአብነት ያህል «ሀ» የተባለ ምግብ በኪሎ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ኖሮት ዋጋው 100 ብር፣ «ለ» የተባለው ደግሞ 3,900 ኪሎ ካሎሪ ኖሮት ዋጋው 115 ብር ነው እንበል። በቀን 1,400 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ውሻ ከ«ሀ» 438 ግራም፣ ከ«ለ» 359 ግራም ያስፈልጋል። የቀኑ ወጪ በ«ሀ» 43 ብር ከ80 ሳንቲም ሲሆን በ«ለ» 41 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። አሥር ውሾች ላሉት ተቋም በዓመት የሚኖረው ልዩነት ከ9,000 ብር በላይ ሲሆን፣ የሚጓጓዘውና በመጋዘን የሚቀመጠው ምግብም በ290 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በምሳሌው በኪሎ ውድ የሆነው ምግብ በቀን ሲሰላ ርካሽ ሆኖ ተገኝቷል። ዋጋዎቹ ለስሌት ብቻ የቀረቡ ቢሆኑም አሠራሩ ለማንኛውም ገበያ ያገለግላል።

በከረጢቱ ላይ የሚገኘው የአመጋገብ ሠንጠረዥ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ትክክለኛው ሚዛን የውሻው አካል ነው። ጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የራስን እጅ ጀርባ እንደ መንካት ከሆነ ጥሩ ነው። የተጨበጠ እጅ አንጓ ያህል ከጎላ ከስቷል፤ እንደ መዳፍ ከለሰለሰና አጥንቱ ከጠፋ ወፍሯል ማለት ነው። ከላይ ሲታይ ወገቡ ሰርጎድ፣ ከጎን ሲታይ ሆዱ ወደ ላይ ሰብሰብ ያለ ሊሆን ይገባል። እ.ኤ.አ በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ 48 የላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልክ የተከታተለ ጥናት፣ ምግባቸው በ25 በመቶ የተቀነሰላቸው ውሾች በመካከለኛ ግምት 13 ዓመት ሲኖሩ አብዝተው የበሉት አጋሮቻቸው 11.2 ዓመት መኖራቸውን አሳይቷል። ብዙ መመገብ ደግነት ቢመስልም የውሻውን ዕድሜ ያሳጥራል።

አያያዝና የሻጋታ አደጋ

በጥንቃቄ የተመረጠ ምግብ በመጋዘን አያያዝ ጉድለት መርዝ ሊሆን ይችላል። በቆሎና ለውዝ በመሳሰሉት ሰብሎች ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ያጠፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ2005 እና በ2020 መጨረሻ ላይ በዚህ መርዝ በተበከለ ደረቅ ምግብ ምክንያት ውሾች ሞተው ምርቶቹ ተሰብስበዋል። መርዙ በፋብሪካ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሻጋታው በዓይን ባይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል። ውሻው ምግብ ከተወ፣ ካስመለሰ፣ ከደከመ ወይም የዓይኑ ነጭና ድዱ ቢጫ ከሆነ ምግቡን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድና የከረጢቱን የምርት መለያ ቁጥር ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

ከረጢቶች በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሊቀመጡ ይገባል። በክረምት ወራት ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። የተከፈተ ምግብ ወደ ሌላ ዕቃ ከመገልበጥ ይልቅ ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ የመለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ አይጠፋም። ከተከፈተ በኋላም በስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ደረቅ ምግብ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል መጋቢው እጁን መታጠብና የውሻውን ሳህን በየጊዜው ማጠብ አለበት።

ምግብን መለወጥና መከታተል

አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ ከተቀየረ ተቅማጥ ሊያስከትል ስለሚችል ለውጡ በሰባት ቀናት ያህል ቢከናወን ይመከራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድ አራተኛ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ግማሽ፣ ከዚያም ሦስት አራተኛ አዲሱ ምግብ እየተቀላቀለ ይቀጥላል። የዕለቱ መጠን ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ቢሰጥ መልካም ነው። ደረቅ ምግብ የሚበላ ውሻ ብዙ ስለሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ዘወትር በአጠገቡ ሊኖር ይገባል። ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ማንኛውም ቁራሽ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ባለሙያዎች ያሳስባሉ። የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የቆዳ ሕመም ያለበት ውሻ ምግብ ግን በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ሊመረጥ ይገባል።

ለግዥ ክፍሎች

የጥበቃ ውሾች ያሉት ተቋም በግዥ መግለጫው ላይ «የውሻ ምግብ፣ ደረቅ፣ ባለ 20 ኪሎ» ብሎ ብቻ ከጻፈ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበ ሁሉ አሸናፊ ይሆናል። በምትኩ መግለጫው ምግቡ ለአዋቂ ውሻ የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ዝቅተኛውን የፕሮቲንና የስብ መጠን፣ ከፍተኛውን የእርጥበት መጠን፣ በኪሎ የሚገኘውን ኪሎ ካሎሪ፣ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥሩንና በርክክብ ጊዜ ሊቀረው የሚገባውን የአገልግሎት ዘመን ቢጠይቅ ውድድሩ በእኩል ሚዛን ላይ ይቆማል። የዋጋ ግምገማውም በኪሎ ሳይሆን በ1,000 ኪሎ ካሎሪ ሂሳብ ሊሠራ ይችላል። በርክክብ ወቅት ደግሞ የተቀደደ፣ የረጠበ ወይም የሻገተ ሽታ ያለው ከረጢት መመለስ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ማጣራት የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ማንበብና ቀላል ስሌት መሥራት ነው። ውሻ በበላበት የሚጮኽ ከሆነ፣ ምን እንደበላ ማወቅ የአሳዳሪው ኃላፊነት ነው።